ካርዱ ላይ ያልተጻፈው

ቅዳሜ፣ መስከረም 25

ኪሩ ሃያ ደቂቃ ዘገየ። በኤግሊንተን መንገድ መጨናነቅ አመካኘ። እኔ ከኖርዝ ዮርክ ሰፈር በሁለት አውቶቡስ ስመጣ መንገዱ ሌላ ነው እንዴ? በየቅዳሜው በቃልና በዳይስ በምንጫወተው የተረት ጨዋታ ታሪኩን የሚመራው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ዘንዶም የለ፣ ቤተ መንግሥትም የለ፤ ሦስት ሰው ባዶ ጠረጴዛ ከቦ መተያየት ነው።

አዲስ አስማት ፈጥሬ አምጥቼ ነበር። ለአባ ጉም፤ ዓለሙ ለሚጫወተው ሽማግሌ አስማተኛ። «የእንቅልፍ ወንፊት» ይባላል። እንደ ልማዴ በካርድ ጻፍኩት፤ በአንድ በኩል ሲሳካ፣ በሌላው ሲከሽፍ። ባለ ሃያ ገጽ ዳይሱ ከአሥር በላይ ካመጣ ጠላት በቆመበት ያንቀላፋል። ከዚያ ካነሰ የአስማተኛው ጫማ ይተኛል። እግሩ ነቅቶ ጫማው ተኝቶ...

ዓለሙ ሦስት አመጣ። ሀጂራ የጫማውን ማንኮራፋት አሰማችን፤ ግራውን በቀጭን፣ ቀኙን በወፍራም። ቀኑን ሙሉ ፋርማሲ ውስጥ ክኒን የምትቆጥር ሴት ይሄን ከየት ነው የምታመጣው?

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ዓለሙ ያንኑ ካርድ አነሣ። «እስቲ ይሄን አዲሱን ልሞክረው።»

«አሁን ሞክረኸው ከሽፏል። የት ነበርክ?» አልኩት።

«ኢንስፔክተር፣ እዚህ የመጣሁት ልመረመር አይደለም» አለና ሳቀ። የሕንጻ ተቆጣጣሪ ስለሆንኩ ነው እንዲህ የሚለኝ።

ሠላሳ አምስት ዓመት አብረን ተጫውተናል። ወደዚህ አገር በስደት እንደመጣን እንግሊዝኛ የተማርነው ከዚሁ ጨዋታ ደንብ ነው። «ኪራይ» የሚለውን ቃል ሳናውቅ «የተመረዘ ቀስት» እናውቅ ነበር። ይህ ሰው ደንብ አይረሳም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2

«ለፍላፊው ቁልፍ»። ከተሳካ የተቆለፈ በር ሚስጥሩን ያወጣል። ከከሸፈ የአስማተኛውን ሚስጥር ያወጣል።

ዓለሙ ከሸፈበት። ኪሩ ገና ሳይመልስለት እንደገና «እስቲ ልሞክረው» ብሎ ዳይሱን ጣለ። ከዚያ እንደገና... በዚያው ቃል፣ በዚያው ድምፅ። ልናገር አፌን ስከፍት ፊቱን አየሁ። የሆነ ነገር እንደተሳሳተ አውቋል። ምን እንደሆነ ግን አላወቀም።

«የገደል ማሚቶ ነው» አልኩ። «ሲከሽፍ አስማተኛው ሦስት ጊዜ ይደግመዋል። ካርዱ ላይ አለ።»

ሳቁ። ዓለሙም ሳቀ፤ መጀመሪያ ግን እኔን አየኝ።

ካርዱ ላይ አልነበረም። ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው የጨመርኩት። ለሁለት ሚሊሜትር ስህተት የሰው ግድግዳ ውድቅ የማደርግ ሰው!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

የዓለሙ ታክሲ የጎን መስታወት በፕላስተር ታስሯል። «ምሰሶ ነው፤ አላሳልፍ አለኝ» አለ። ዛሬ ሁለት ጊዜ «ካርዱ ላይ አለ» አልኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

«የቃል ድልድይ»። አስማተኛው ታሪክ እስካወራ ድረስ ገደሉ ላይ ድልድይ ይቆማል። ታሪኩ ጠማማ ከሆነ ድልድዩም ይጣመማል። ዝም ካለ ይወድቃል።

ዓለሙ ሃያ አመጣ። ሙሉ ሃያ። ከዚያ ማውራት ጀመረ። በወጣትነቱ በሱዳን በረሃ ያለፈውን... የደላላውን ባለ አንድ መብራት መኪና፣ ጀሪካኑን አቅፎ የሚተኛውን ሰው። ስም አልሳተም፣ ቀን አልሳተም። ኪሩ በታሪኩ ውስጥ ያለውን የመንደር ሰው ከነከብቱ በድልድዩ አሻገረው። ሀጂራ አለቀሰች። ኪሩ እንኳ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ አዳመጠ። በሠላሳ አምስት ዓመት እንዲህ ያለ አላየሁም።

ስንወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ ቁልፉን ይዞ ቆመ። «ወደ ሬክስዴል በየት ይሻላል?» አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው። ቤቱ ሬክስዴል ነው።

ነገርኩት። ነድቶ ሄደ። እኔም እጄን አወዛወዝኩለት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

የዓለሙ ሚስት ትርፌ ደወለች። ባሏ ሱፍ ለብሶ «ሰርግ አለብን» አላት። ሰርግ የለም። «ቅዳሜ ቅዳሜ እንዴት ነው? አንተ ደህና ነው ካልከኝ አምናለሁ። ከአንተ አፍ ውሸት አይወጣም።»

«ጨዋታው ላይ ደህና ነው» አልኩ።

እውነት ነው። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ሙልጭልጭ ውሸታም ነኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ዓለሙ እየሳቀ ገባ። ሐሙስ ወደ አየር ማረፊያው አንዲት ተሳፋሪ ይዞ ወደ ፈጣኑ መንገድ፣ ወደ ሀይዌዩ፣ በመውጫው በኩል ገብቷል። መኪኖቹ ፊት ለፊት እየመጡ። ሴትዮዋ ከኋላ ስትጮኽ ዳር ይዞ ቆመ፤ በሩን ከፍታ በእግሯ ሄደች።

«ታዲያ ምን አልካት?» አለ ኪሩ።

«አስማቱ ከሸፈ፣ ካርዱ ላይ አለ አልኳት።»

ኪሩ ሳቀ። ሀጂራ ጀምራ ተወችው። ዓለሙ ወደ እኔ ዞረ፤ እንድስቅለት ነው የሚጠብቀው። መሸሸጊያ ሠርቼለታለሁ። በራሴ እጅ ሠርቼለታለሁ። አሁን ሀይዌይ ላይ ይዞት ወጥቷል።

ሴትዮዋ ብትሞትስ? እሱስ?

አልሳቅኩም። ሌላም ነገር አላልኩም። ይሉኝታ ነው? በሰው ፊት እንዳይዋረድ? ወይስ አብሬው የምጫወተው ሰው እንዳላጣ?

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ለትርፌ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። «መቼ ነው ያወቅከው?» አለች። «መስከረም 25» አልኳት። ስልኩን ዘጋችው። ማታ መልእክት ላከች። የመኪናውን ቁልፍ ደብቃለች፤ ሐኪም ዘንድ ረቡዕ ኅዳር 4 ቀጠሮ አለው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ዓለሙ፣ ትርፌና እኔ ሐኪም ዘንድ ገባን። ሐኪሟ ዓለሙን ስለ መንዳቱ ጠየቀችው። «ጓደኛዬን ጠይቂው» አላት። «ሰው ሲሳሳት ዝም አይልም።»

ይህን ደብተር አውጥቼ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ከነቀኑ። መስታወቱን፣ ሬክስዴልን፣ መውጫውን። ትርፌ መሬት መሬት ታያለች። ዓለሙ ዳይስ እንደሚጠብቅ ሰው እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሰማ። ሐኪሟ ማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታዋ እንደሆነ ነገረችን። መንጃ ፈቃዱ ይታገዳል። ለምርመራ ወደ ሌላ ሐኪም ተላከ።

ኮሪደሩ ላይ ትርፌ ካፖርቱን ስታለብሰው ወደ እኔ ዞረ።

«አንድ ወር ሙሉ ካርዱ ላይ አለ ስትለኝ ነበር።»

«አዎ።»

«አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርተህ፣ ዓለሙ፣ እየረሳህ ነው ብትለኝ ምን ነበረበት? ለማላውቃት ሴት አነበብክብኝ።»

ደብተሩን ኪሴ ከትቼ በሩን ከፈትኩላቸው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

አልመጣም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

አልመጣም። ኪሩ አባ ጉምን በታሪኩ ውስጥ እንግደለው ወይ አለ። ጮኽኩበት። ሀጂራ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ሦስት ሰው አይሆንም፣ ሁለት ደግሞ ጨርሶ አይሆንም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

የምርመራው ውጤት መጣ። ትርፌ በመልእክት ጻፈችልኝ፤ አልደወለችም። የፈራነው የመርሳት በሽታ ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

መጣ። ከትርፌ ጋር፣ በአውቶቡስ፣ በበረዶ። ኪሩን ሳመ፣ ሀጂራን ሳመ። እኔን አልፎ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

አዲስ ካርድ አዘጋጅቼ ነበር። «የዝናብ ጃንጥላ»። ከተሳካ ዝናቡ ከመሬት ወደ ሰማይ ይዘንባል። ከከሸፈ አስማተኛው ጃንጥላ ይሆናል፤ ነፋስ እስኪያልፍም አይዘጋም። ዓለሙ አሥራ አራት አመጣ። ኪሩ የጠላትን ጦር ከነፈረሱ ወደ ደመና አዘነበው። ሀጂራ አጨበጨበች። ትርፌ ከጥግ ሆና ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትስቅ አየኋት።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያንኑ ካርድ አነሣ። ሁሉም እኔን አዩ። የሚጠብቁትን አውቃለሁ። ካርዱ ላይ አለ...

«ዓለሙ» አልኩት። «ቅድም ሞክረኸዋል። ረስተኸው ነው።»

ካርዱን ገልብጦ አየው።

«ተሳካልኝ?»

«ተሳካ። ጦሩ ደመና ላይ ነው።»

«ጥሩ።» ካርዱን አስቀመጠ። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ወንበር በእግሩ ገፋው። «ከፊቴ ተነሥተህ እዚህ ተቀመጥ። ስትነግረኝ ቤቱ ሁሉ አይስማ።»

ተነሥቼ ሄድኩ። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ አራት ጊዜ በጆሮው ነገርኩት። አንዴም አላመሰገነኝም።