ከማሳችን የነቀልኩት ጎመን

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ጀቤሳ፣ አሰላ።

አባባ፣ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? የአሰላ ብርድ አልጠናብዎትም? እህቴ ጠጄና ልጇ እምነትስ ደህና ናቸው? እኔና ወንድሜ ቀነኒሳ በጤና አለን፤ እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ቤቱ ዝም አለ እንጂ።

በስልክ «መሬቱስ?» ሲሉኝ «ደህና ነው» እያልኩ የማልፈው፣ ድምፅዎን ስሰማ ቃል ስለሚጠፋኝ ነው። ለዚህ ነው የጻፍኩት። ጠጄ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

ማሳችንን ሊያጸዱ ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ሰዎች እርስዎ ከሄዱ በኋላም ሥራቸውን አላቋረጡም። ፋብሪካው የለቀቀብንን ዘይትና ቀለም የሚበሉ ባክቴሪያዎች ከራሱ ከአፈሩ አውጥተው፣ አራብተው፣ ከፍግና ከሰጋቱራ ጋር መልሰው ቀላቀሉበት። እኔም በቀን ሥራ ተቀጥሬ ዓመቱን ሙሉ አፈሩን ሳገላብጥና ውኃ ሳጠጣ ከረምኩ። አባባ፣ ያ ዝናብ ሲያባራ ራስ የሚያዞረው ሽታ ጠፋ። የመሬት ትል እንኳ አየሁ።

ቀነኒሳ ይህን ሲያይ አላስቻለውም። የአፈሩ ምርመራ ውጤት ሳይመጣ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ከጥጉ ላይ ጎመን ተከለ። እርስዎ እንደሚያበቅሉት ሆኖ፣ ቅጠሉ ሰፍቶ ወጣ።

ባለፈው ማክሰኞ የሥራው ኃላፊ ዶክተር አስቴር ሁለታችንን አስቀምጠው የላቦራቶሪውን ውጤት ነገሩን። ዘይቱን ባክቴሪያዎቹ በልተውታል፤ ቀለሙንም አብዛኛውን። ከቀለሙ ጋር የመጣው እርሳስና ክሮሚየም ግን ብረት ነው፤ ብረት ተበልቶ አያልቅም። እዚያው አለ፤ ጎመኑም ስቦታል። «ዛፍ ይተከልበት እንጂ የሚበላ ነገር አይዘራበትም» አሉ። ቀነኒሳ «እስከ መቼ?» ሲላቸው «እኔና አንተ በሕይወት እያለን የሚሆን አይመስለኝም» ብለው አቀረቀሩ። እሱ ወጥቶ ሄደ።

ጎመኑን እኔው ነቀልኩት። ጎረቤታችን እትዬ ኡምሀኒ በአጥር በኩል አይተው «አንቺ ልጅ፣ ይህን የመሰለ ጎመን ትጥያለሽ? ለእኔ ስጪኝ» አሉኝ። መርዝ እንዳለበት ነገርኳቸው። «ሃያ ዓመት ከእናንተ እየገዛሁ ልጆቼን አብልቻለሁ። ያኔስ አልነበረበትም?» አሉኝ። ጥያቄያቸውን ለእርስዎ ማድረስ አልፈለግሁም ነበር፤ ብቻዬን መያዝ ግን አቃተኝ።

አላለቀስኩም። ጆንያውን አስሬ ለላቦራቶሪው ሰዎች አስረከብኩ፤ ቤት ገብቼ እጄን ታጠብኩ፤ ልብስም አጠብኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሲያናግረኝ ከሩቅ ነው የሚሰማኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ።

መሬቱ በስምዎ ስለሆነ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ዛፍ ለመትከል ፈቃድዎን ይፈልጋሉ። የሚፈርሙበትን ቅጽ ከደብዳቤው ጋር አድርጌዋለሁ። ቀነኒሳ አይፈርሙ ይላል፤ እኔ ይፈርሙ እላለሁ። «ለሰኔ ዘር እደርሳለሁ» ብለውኝ ነበር። ለዘር አይምጡ፣ አባባ። እኛን ለማየት ይምጡ።

ጠጄን በጣም ናፍቀሻታል ይበሉልኝ። እምነትን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ለጠጄ ባለቤትም ሰላምታዬ ይድረስ። ቀነኒሳ ሰላም በይልኝ አላለኝም፤ እኔ ግን በእሱም ስም ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ ፌኔት ጀቤሳ
አቃቂ ቃሊቲ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.