የማን ፍርፋሪ ናት?

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ማይክሮስኮፕ ላይ ጎብጬ ዋልኩ። አንገቴ እንጨት ሆኗል። እማዬ ደውላ እንደ ልማዷ፣ ዛሬስ በሽተኛ አየሽ ወይ አለችኝ። ለጎረቤቶቿ "ልጄ በሽተኛ የማታይ ሐኪም ናት" እያለች ታስቃቸዋለች። እውነቷን ነው… እኔ ጋ የሚመጣው የሰው ቁራሽ እንጂ ሰው አይደለም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
አንድ ናሙና እረፍት ነሳኝ። የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት፣ ከማህፀኗ የተወሰደ። ሁሉም ንጹህ ነው… ጥግ ላይ ግን አንዲት ፍርፋሪ ካንሰር። ብቻዋን። ዙሪያዋ ካለው ጋር ጭራሽ አትመሳሰልም። ቀዶ ሐኪሙ ሲደውል ከአፌ አመለጠኝ፤ ካንሰር ሳይኖር አይቀርም አልኩት። ወዲያው ለሐሙስ ቀጠሮ ያዘላት፣ ማህፀኗን ሊያወጣ። ልጅ እኮ የላትም! ምን አስቸኮለኝ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
እንቅልፍ የሚባል የለም። ጠዋት ላቦራቶሪ ወረድኩ። ናሙናው በሰም ውስጥ ይደርቅና፣ ከነሰሙ በስሱ ተቆርጦ፣ ሙቅ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ነው መስታወት ላይ የሚነሳው። ውሃው ካልጠራ የአንዱ ፍርፋሪ ሌላው ላይ ይለጠፋል። ቆራጩን፣ "ጥድፊያ" የምንለውን፣ በየናሙናው መሃል ውሃውን ታጠራለህ ወይ አልኩት። ጭንቅላቱን አከከ።
"ሰኞ ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ ዶክተር…"
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ልጮህበት ነበር፤ ዋጥኩት። እኔስ ከሱ በምን እሻላለሁ? ከዚያው ሰም፣ በንጹህ ውሃ፣ እስከ ጥልቁ አስቆረጥኩት። ፍርፋሪዋ የለችም። የሷ አልነበረችም! ለቀዶ ሐኪሙ ደውዬ ቢላህን አስቀምጥ አልኩት። አኩርፎ ዘጋብኝ። ይዝጋ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
እፎይ ማለት ነበረብኝ። ግን ፍርፋሪ ከሰማይ አይወርድም… የማን ናት? ከሷ በፊት የተቆረጠው የአንዲት የስልሳ ሁለት ዓመት እናት ናሙና ነው። ማክሰኞ ጠዋት ራሴ ነኝ የፈረምኩት፤ ካንሰር የለም፣ ወደ ቤቷ ትሂድ ብዬ። ሰሟን አስወጥቼ በጥልቀት አስቆረጥኩ።
አለ። ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ክው አልኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18
አስጠራናት። ቀዶ ሐኪሙ እኔ እነግራታለሁ አለ። አብሬው ገባሁ። ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። ሰምታ ስትጨርስ ወደኔ ዞረች።
"የኔን ያየሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ?"
"አዎ፣ እናቴ። መጀመሪያ አልፎኝ ነበር። ገና ትንሽ ነው፣ ደርሰንበታል።"
እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘች… ተቆጥታ ይሁን ፈርታ አላወቅኩም። እስክትለቀኝ ቆምኩ።
ማታ እማዬ ደወለች። ዛሬስ በሽተኛ አየሽ? አለችኝ እየሳቀች።
"አየሁ፣ እማዬ" አልኳት።
ሳቋን አቆመች።