ስልኳን ላጠፋችው ልጄ

ጥር 9 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንዴት ነሽ እናቴ? ሆድሽስ እንዴት ይዞሻል? ባልሽስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስውል ማታ ይወቅሰኛል። ፀጉር ቤቱም እንደነበረ ነው፤ ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ የአገሩን ወሬ ሁሉ ያወራል፣ ተቆርጦ ይሄዳል።

በወረቀት የጻፍኩልሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስልክሽ ዝግ ነው። ነገሩን የጀመርኩትም እኔው ነኝ። ያን ሰሞን አንድ ደንበኛዬ ፀጉሩን እየቆረጥኩት፣ የጎረቤቱ ሚስት ዋይፋዩን ራስጌዋ አድርጋ ስትተኛ ከርማ ፅንሱ ተጎዳባት ብሎ አወራ። መቀሱን ጥዬ ውጭ ወጣሁና ደወልኩልሽ። ሰውየው ግማሽ ፀጉሩ ተቆርጦ መስታወት ላይ እንዳፈጠጠ ቀረ።

"ዋይፋዩን ዛሬውኑ ንቀይው። ያንን ገመድ የሌለውን ማዳመጫም ጆሮሽ ላይ እንዳላይ!" አልኩሽ።

አንቺም ቀስ ብለሽ፣ "እሺ አባዬ። ስልኩንም አጠፋዋለሁ። እስክወልድ ድረስ ምንም ነገር አጠገቤ አይኖርም" አልሽኝ።

ኮራሁ። እውነቴን ነው፤ ልጄ ምክሬን ሰማች ብዬ የሰውየውን ፂም በነፃ ላጨሁለት። ቤት ስገባ የራሴንም ዋይፋይ ነቀልኩት፣ እርጉዝ በሌለበት ቤት! አንቺ ያለሱ ስትውዪ እኔ ብቻዬን ልጠቀምበት ደስ አላለኝም።

እያደር ግን ቤቱ ከበደኝ። ከሥራ ስገባ መጀመሪያ አንቺ ጋ መደወል ለምዶብኛል፤ ኮቴን ሳላወልቅ ስልኩን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አንዳንዴ መዘጋቱን እያወቅኩም እደውላለሁ። ያቺ "የደወሉላቸው ደንበኛ" የምትለዋ ሴትዮ ድምጿ ደስ ይላል፣ ግን ወሬ አታስጨርስም። ባልሽን ስጠይቀው "ተኝታለች አባባ" ይለኛል። በጠዋት ብደውል ተኝታለች፣ በምሳ ሰዓት ብደውል ተኝታለች። እንቅልፍ ለእርጉዝ ጥሩ ነው።

እሁድ ዕለት አክስትሽ መጣች። ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ "ፊቷ ሞላ ብሏል። ሆዷም ገፋ ብሏል፤ እንዴት አምሮባታል መሰለህ!" አለች። ወዲያው የተናገረችውን መልሳ መዋጥ ፈለገች መሰለኝ፤ ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ሻይዋን ስታማስል ቆየች። ስልክሽ ተዘግቶ፣ በዚህ ርቀት በምን እንዳየችሽ አልጠየቅኳትም። "እሰይ" አልኩና ብስኩት ጨመርኩላት።

በማግስቱ ፀጉር ቤቱን ዘግቼ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነፍሰ ጡሮቹ ከሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንዷ ቦርጬን አየችና "እርስዎስ አባባ፣ ስንተኛ ወርዎ ነው?" ስትለኝ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከሰው ጋር ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

አዋላጇ ልጅ እግር ናት፤ ግን ታዳምጣለች። የደንበኛዬን ወሬ ስነግራት አልሳቀችብኝም።

"ከቤት ዋይፋይ የሚወጣው ጨረር በጣም ደካማ ነው" አለችኝ። "እስካሁን በተጠናው ፅንስ ይጎዳል የሚል የተረጋገጠ ነገር የለም። ልቧ ካልረጋ ዋይፋዩን ከአልጋዋ ራቅ ታድርገው፤ ስልኩንም ትራሷ ሥር አትክተተው። ይበቃል። ስልክ ዘግቶ መቀመጥ ግን ጥሩ አይደለም። ደም ቢታያት፣ ከባድ ራስ ምታት ቢይዛት በምን ሰው ትጠራለች?"

ደም ስትል ሳላስበው ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። አየችኝ። "ምን ሆነው ነው አባባ?" አለችኝ።

ነገርኳት። ለአንቺ አውርቼልሽ የማላውቀውን ለማላውቃት ልጅ አወራሁላት። እናትሽ ታናሽሽን ልትወልድ ሐኪም ቤት ገብታ ሁለቱም በዚያው መቅረታቸውን፣ አንቺ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዶሽ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ መጠበቄን።

"ይኼን ለልጅዎ ነግረዋታል?"

"አንድም ቀን።"

"ታዲያ ሲደውሉ ምን ምን ትጫወታላችሁ?"

ዘረዘርኩላት። እግርሽ አበጠ ወይ፣ አዞረሽ ወይ፣ ደም አየሽ ወይ፣ ፅንሱ ተንቀሳቀሰ ወይ፣ ለምን ቆየ፣ ለምን ፈጠነ። እየዘረዘርኩ የገዛ ድምፄ ሰለቸኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ለካ በደወልኩ ቁጥር ያንን ኮሪደር ይዤብሽ እመጣ ነበር።

እና የኔ ልጅ፣ ዋይፋያችሁን መልሳችሁ ሰኩት፤ አትፍሪው። ስልክሽም ለሐኪሞችሽ፣ ለባልሽ፣ ለአክስትሽም ክፍት ይሁን። ለኔ ብለሽ ግን እንዳትጨናነቂ። ዝም ማለት እረፍት ከሰጠሽ እረፊ። እኔ አልቀየምም።

ፈርቼ ብቻ ስላሳደግኩሽ ስለ እናትሽ ደስ የሚለውን ነገር አልነገርኩሽም። አንቺን ያረገዘች ጊዜ ትንሿን ሬዲዮ ሆዷ ላይ አስቀምጣ ትጋደም ነበር። "ወሬ ትልመድ እንጂ፣ የፀጉር አስተካካይ ልጅ አይደለች?" ትለኝ ነበር። ሙዚቃ ሲሆን ዝም ትያለሽ፤ ማስታወቂያ ሲጀምር ትራገጫለሽ። "ይኸው፣ ሳሙናውን አልገዛም አለች!" ብላ ስትስቅ ሬዲዮው ከሆዷ ላይ ይንሸራተታል፤ እኔ እቀልበዋለሁ። ያን ጊዜ ሁለታችንም ምንም አንፈራም ነበር። እናትሽ ትዝ ስትልሽ እንዲያ እየሳቀች ትምጣልሽ። እኔም ከእንግዲህ እንደዚያ ላስባት እየሞከርኩ ነው።

ፈጣሪ ሁለት ነፍስ አድርጎ ያሳየኝ። ምጥሽን ያቅልለው፣ እቅፍሽን ይሙላው፣ ቤትሽ የልጅ ድምፅ አይጣ። ባልሽን ሳሚልኝ። እንቅልፍሽን ስለሚጠብቅልሽ ተባረክ በይልኝ።

የኔ ስልክ ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው። ደውዪ ማለቴ አይደለም። እንዲሁ ክፍት ነው።

አባትሽ