የወይዘሮ ታክ አጥሚት

ኅዳር 9፣ ሰኞ
ገበያው ቀዝቅዟል። ከሱቄ የደረቀ ዓሣ ብቻ ነው የተሸጠው። ሲመሻሽ ሳይሸጥ የተረፈኝን ወጥ ይዤ ወደ ሰፈሩ ወጣቶች ማእከል ወጣሁ፣ እንደ ሁልጊዜው። ኃላፊው አቶ ፒዮ ፊቱ በርቷል።
"እትዬ ማልሱን፣ ስፖንሰር አገኘን! የብስኩት ፋብሪካው። የዘንድሮን ኪምቺ ከእኛ ጋር ሊሠሩ ይመጣሉ፣ ባነርም ካሜራም አላቸው።"
ከእኛ ጋር? የልጆቹን የክረምት ኪምቺ፣ ያን በበርበሬ የሚቦካ ጎመን፣ ስንት ዓመት ብቻዬን ስሠራ "እኛ" የት ነበር?

ኅዳር 12
የፋብሪካው ሴትዮ መጣች። ወይዘሮ ታክ። ነጭ ካፖርት፣ ለስላሳ እጅ… ዳንቢ፣ ከልጅነቷ ያበላኋት የማእከሉ ልጅ፣ ሻይ አቀረበችላትና "አክስቴ፣ ይጠጡ" አለቻት።
አክስቴ! እሱ የእኔ ስም አልነበረም እንዴ? ቀናሁ። ማንን እዋሻለሁ… ቅናት አንገበገበኝ።

ኅዳር 15
ነገ ኪምቺ ነው። ጎመኑ ዛሬ ተሰንጥቆ ጨው ውስጥ ካላደረ ነገ እንጨት ነው፣ በርበሬ አይገባውም። ይህን ሁሌ የምሠራው እኔ ነኝ። ለአቶ ፒዮ ደወልኩ።
"ወገቤን ያዘኝ። አልችልም።"
"ውይ… በቃ ይማርሽ፣ እትዬ።"
እስቲ ካሜራቸውን ይዘው ደረቅ ጎመን ፊት ይቁሙ! ልጆቹስ ክረምቱን ምን ይበላሉ? እሷ ብስኩት ታብላቸዋ።

ሲመሽ ዳንቢ አንኳኳች። ትኩስ የሩዝ አጥሚት ይዛ።
"ወይዘሮ ታክ ናት የሠራችልሽ። ለወገብሽ።"
"እሷ ምን ትሠራለች እዚያ?"
"ጎመን ጨው እያደረግን ነዋ! አንቺ ስትሠሪ ያየሁትን እያሳየኋት። ውይ አክስቴ፣ ስትንቀረፈፍ ብታያት!"
ሮጣ ሄደች። አልነካውም ብዬ ነበር። በላሁት። ይጣፍጣል ደግሞ!

ኅዳር 16
ሄድኩ። የታመመውን ወገቤን ረስቼ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። ጎመኑን አጠፍኩት፣ ሳይሰበር ታጠፈ። ደህና አድርገው ሠርተውታል።
ወይዘሮ ታክ ያለ ጓንት ጨው ስታሽ አምሽታ እጇ ተላልጧል። በርበሬ መንካት አልቻለችም። ካሜራ የያዘው ሰውዬ "አንዳችሁ አጉርሷት!" አለ። ቀደምኩ። ከጎመኑ ትልቅ አድርጌ ጠቀለልኩላት፣ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት። ለክፋት ነበር። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አኘከች፣ ዋጠች።
"ይድገሙኝ፣ እትዬ።"
አንድ ጉርሻ ያጣላል አይደል የሚባለው… ደገምኳት።

ታኅሣሥ 3
የፋብሪካው መጽሔት ወጣ። እኔና እሷ ገጹን ሞልተነዋል፣ እጄ አፏ ላይ። ከሥሩ "ወይዘሮ ታክ ከአንዲት ተረጂ እናት ጋር" ይላል።
ተረጂ! ዳንቢ ጨሰች። "ደውይና አዋርጂያቸው፣ አክስቴ!" ልደውልም ነበር።
ከሰዓት ወይዘሮ ታክ ራሷ ሱቄ መጣች፣ አንገቷን ደፍታ። "አፈርኩ፣ እትዬ። እኔ አልጻፍኩትም። አሁኑኑ አስተካክላለሁ።"
እጇን አየሁት። ጨው የበላው ገና አልዳነም።
"ተዪው" አልኳት። "እኔም ወገቤን ሳያመኝ አጥሚትሽን በልቻለሁ።"