ትንሽ ብቻ ጨምሪበት

አሰላ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለምወድዎት እናቴ ለወይዘሮ በቀለች፣ ጢቾ

እምዬ፣ ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? ክረምት ሲገባ እንደሚያምዎት ስለማውቅ ከእርስዎ በፊት ጉልበትዎን ጠየቅኩ፤ አይቀየሙኝ። ላሚቱስ ወለደች? የጓሮውን አጥር ዘንድሮም ጎርፍ ወሰደው ወይስ የአባባ ካስማ ቻለው? መርሻ፣ ይህን የምታነብላት አንተ መሆንህን አውቃለሁና ለአንተም ሰላም ብያለሁ። አደራህን ግን እንደ ዳዊት እየጮህክ አታንብበው። አንተ ደብዳቤ ስትይዝ ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ለአጥር ተሰልፎ እንደሚሰማህ እኔም ተሰልፌ አውቀዋለሁ። ይሄኛው ለእናቴ ጆሮ ብቻ ነው።

እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ከፋሲካ ወዲህ ቀሚሶቼ ሁሉ ጠበውኛል፤ ጠዋት ጠዋት ምግብ አልወድም። መርሻን አፍሬ እንጂ ከዚህ በላይ በግልጽ በነገርኩዎት ነበር፤ ገብቶዎት አሁን እልል ሊሉ አፍዎን እንደከፈቱ ይታየኛል። ቆይ እምዬ፣ እልልታውን ትንሽ ያቆዩልኝ።

የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳልና ወግ ነው ብዬ ለገብረወልድ ነገርኩት። «እዚሁ ትወልጃለሽ» አለኝ። ባሌ እንዲህ ቁርጥ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ ሱቁ ውስጥ እንኳ ዋጋ ሲነግር እያፈረ ነው። ይህን የምጽፍልዎት ለዚህ ነው። ከእንቁጣጣሽ በፊት መጥተው ይውሰዱኝ። ለምን እንዲህ እንደቸኮልኩ ልንገርዎት፤ ነገሩ ስለ አንድ ፊኛ ነው። እባክዎ አይሣቁ።

ገብረወልድ ስለ ፊኛ ከተነሣ አያባራም። እሱ ልጅ ሳለ እዚህ አሰላም እንደኛው የበግ ፊኛ ነበር፤ ለፋሲካ ከታረደው በግ ሆድ ወጥቶ፣ ዐመድ ላይ ታሽቶ፣ በመቃ የሚነፋው፣ ሲደርቅ ባቄላ ተጨምሮበት የሚንኳኳው። በጣሊያን ጊዜ አንድ ወታደር ቀይ የጎማ ፊኛ ነፍቶ ቢሰጠው፣ እናቱ የሰይጣን እንቁላል ነው ብላ በወስፌ ወጋችው። ፊኛው ሲፈነዳ እሷም አብራ ወደቀች። በአርባ ስምንት ዓ.ም. ደግሞ ለጃንሆይ ኢዮቤልዩ ከተማው ይሸለም ሲባል፣ ከአዲስ አበባ ከዐረብ ሱቅ በካርቶን አስጭኖ ያመጣው እሱ ነው። ተማሪዎች ቀኑን ሙሉ ሲነፉ ውለው ጉንጫቸው አብጦ አደረ። በየበሩ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሆኖ ተንጠለጠለ፤ ከሁሩታ የመጣ አንድ ባላገር ፍሬ መስሎት «ስንት ነው የምትሸጡት?» ብሏል ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ አሰላ ውስጥ ያለ ፊኛ ሠርግ ሠርግ አይባልም። ለክርስትና ነጭ ነጩ ይሰቀላል። እስላሞቹ ጎረቤቶቻችን ለመውሊድ አረንጓዴውን መርጠው ይወስዳሉ። ሙሽራ ሲገባ ሚዜዎች በመርፌ ያፈነዱታል፤ በሠርጌ ዕለት እኔ የተቀመጥኩባት በቅሎ ደንብራ ጠላ ጋን የሰበረችው በዚሁ ነው። ከሁሉም አንዱን ወግ ግን ገብረወልድ ራሱ ነው ያወጣው። ሙሽራውና ሙሽሪት በሠርጋቸው ቀን አንዳንድ ፊኛ ይነፉና ከራስጌያቸው ይሰቅሉታል፤ የማን ቀድሞ ይፈነዳል እየተባለ ይሣቃል።

ከእኔ በፊት አሰፋች የምትባል ሚስት እንደነበረችው ያውቃሉ። የኦጎልቾ ልጅ ነበረች፣ ከዝዋይ ሐይቅ ወዲህ። ኢዮቤልዩ በተከበረበት ዓመት ሲጋቡ ሁለቱም ነፉ። የእሱ እዚያው ሚዜዎቹ ፊት ፈነዳ፤ የእሷ ሰነበተ። በሁለተኛው ዓመት አሰፋች በምጥ ሞተች፣ ልጁም አብሯት ሞተ። ፊኛው ግን አለ።

ዛሬም አለ፣ እምዬ። ከአልጋችን በላይ ከጣሪያው ማገር በቀይ ክር ተንጠልጥሏል። ሰማያዊ ነው። የሌላ ሰው ፊኛ ሳምንት ሳይሞላው እንደ አሮጊት ጉንጭ ይጨማደዳል፤ ይሄኛው ይህን ሁሉ ክረምት አልፎ አሁንም ውጥር ነው። እኛ ስንጋባ አልነፋንምና፣ ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ሰሞን ለእኔ የተሰቀለ መስሎኝ ስንት ቀን ተኝቼ እያየሁት ደስ ብሎኛል።

ለካ ገብረወልድ በየበዓሉ ያስነፋበት ኖሯል። ከቀብሩ በኋላ እዚህ ቤት ትኖር የነበረችው አክስቱ ተሻለች ነበረች የምትነፋው። «ትንሽ ብቻ ጨምሪበት፤ የእሷ ትንፋሽ እንዳያልቅ» እያለ ይለምናታል። አንድ በዓል ላይ ተሻለች «ከውስጥ መልሳ ትነፋብኛለች» ብላ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፤ ዳግመኛም እዚህ ቤት አላደረችም። እኔን ያገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ገብረወልድ ለቀለበት ጢቾ የመጣ ዕለት እርስዎ ያሉትን ያስታውሳሉ? «አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወናፍ ይላት ነበር፤ የበግ ፊኛ በአንድ ትንፋሽ ነው የምትነፋው» ብለው ቤቱን ሁሉ አሣቁት። ያልሣቀው እሱ ብቻ ነበር። ስለ ሙያዬ አልጠየቀ፣ ስለ መሬታችን አልጠየቀ፤ «እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ሞኟ ወዶኝ ነው አልኩ። አሁን ሳስበው ለትንፋሼ ያገባኝ ይመስለኛል፤ ይህን ስጽፍልዎት እንባዬ ይመጣል። ክፉ ሰው ግን አይደለም፣ እምዬ። እግሬን ሲያመኝ ውኃ አሙቆ የሚያጥበኝ እሱ ነው። እወደዋለሁም። የቸገረኝ ይኸው መውደዴ ነው።

በፋሲካ ማግስት እንግዶቹ ሲሄዱ አወረደው። ክሩን ፈታ፣ አፉን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ያዘና ሰጠኝ። «የእኔ ትንፋሽ አይሆነውም፤ የእኔ ፈንድቷል። አፀድዬ፣ ትንሽ ብቻ ጨምሪበት» አለኝ። አፌን ሳስጠጋ፣ ገና ሳልነፋ፣ ከውስጥ ያለው ወደ እኔ ገባ። የተዘጋ ጎተራ ሽታ ነበር የጠበቅኩት። ሙቅ ነበር። አሁን ከአጠገቤ የተነፈሰ ሰው ትንፋሽ ነበር። እኔም ጨመርኩበትና ታሰረ።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ የጀመረኝ። ተሻለች ልትጠይቀኝ መጥታ ወጥ ሳወጣላት ጭልፋውን አየችና እንጀራውን ሳትቆርስ ተነሣች። «በግራሽ ነው እኮ የምታወጪው» አለችኝ። ዝቅ ብዬ ባይ እውነትም በግራዬ ነው። አሰፋች ግራኝ ነበረች። ደግሞ አምሮቴን ልንገርዎት፤ ዓሣ! የጢቾ ልጅ ዓሣ የት አውቃ ነው የሚያምራት? ገብረወልድ ከዝዋይ አስመጣልኝ። አጥንቱን እንዴት እንደሚነቀል ማንም ሳያሳየኝ ጣቶቼ ያውቁት ነበር። እሱ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ እያየኝ አለቀሰ። የሚያየው እኔን እንዳልነበረ ገብቶኛል።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጭላሎ ወርዶ ቤቱን ሲውጠው በርና መስኮቱን እዘጋለሁ። ነፋስ የሚባል የለም። ወደ ጓዳ ስሄድ ፊኛው ከነክሩ ወደ ጓዳ ዘንበል ይላል፤ ወደ በሩ ስመለስ ወደ በሩ ይዞራል። አልጋው ላይ ጋደም ካልኩ ከሆዴ ትይዩ መጥቶ ይቆማል። ሆዴ ሲገፋ እሱም ይገፋል። አንድ ቀን በመዳፌ ነካሁት፤ እንደ እኔው ይሞቃል።

ፈርቼ ለጎረቤቴ ለዙቤዳ ነገርኳት። የሁሴኖ ሚስት ናት፤ አሰፋች ስታምጥ እጇን ይዛ የነበረችው እሷ ናት። እኔን እንደ ልጇ «ኢንተላ ኮ» እያለች ነው የምትጠራኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ወላሂ እዚያው ነበርኩ» አለችኝ። «‹ልጄን በዓይኔ ሳላይ አልሄድም› እያለች ነው የሞተችው። ታዲያ ሄደች ብለሽ ነው?»

«ላፈንዳው?» አልኳት።

«አላህ ይጠብቅሽ! ያለችበትን ቤት አፍርሰሽ ወዴት እንድትሄድ ነው? ቅርብ ያለሽው አንቺ ነሽ። እናትሽ ጋ ሂጂ፤ እዚያ ውለጂ። ደግሞ ስሚኝ፣ አፍሽን ሁለተኛ እዚያ ነገር ላይ እንዳታደርጊ።»

እምዬ፣ ገብረወልድ ለእንቁጣጣሽ እንደገና ይለምነኛል። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ያን ዓይኑን እንባ ሞልቶት ካየሁ እምቢ ማለት አልችልም። የእርስዎን ቃል ግን አይሽርም፤ አማቱን ይፈራል። የጨው ነጋዴው ቶላ ይህን ይዞ ከነገ ወዲያ ጢቾ ገበያ ይገባል። በአንዷ በቅሎው ተቀምጠው አብረውት ይምጡ። ጉልበትዎን እንዳመመዎት አውቃለሁ፤ ሌላ የምጠራው ሰው ቢኖረኝ አልጠራዎትም ነበር። እፈራለሁ፣ እምዬ። ልጄ የእኔ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

በሩ ተንኳኳ። ገብረወልድ ነው፤ በዚህ ሰዓት ከሱቅ መጥቶ አያውቅም። ነገ ለበዓሉ ዕቃ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው፤ ምናልባት እስከ እንቁጣጣሽ አይመለስም፤ ስለዚህ ዛሬውኑ እንድናደርገው ይላል። አልጋው ላይ ወጥቶ ክሩን እየፈታ ነው። እምቢ እለዋለሁ። ቆይ እምዬ፣ እምቢ ብዬው እመለሳለሁ።

ተመልሻለሁ።

ከላይ የተጻፈውን አነበብኩት። ነፍሰ ጡር ሴት ብዙ ነገር ያስፈራታልና አይዘኑበት። ፊኛው እንዲያው ፊኛ ነው። ትንሽ ተጨመረበት፤ ገብረወልድም ደስ አለው። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲሥቅ ሰማሁት፤ በስሜም ጠራኝ።

ስለ መምጣትዎ፣ አይድከሙ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጉልበትዎንም ያምዎታል ይላል እዚህ ላይ። ጢቾን አይቼው አላውቅም። ብርድ አገር ነው ሲባል እሰማለሁ፤ ልጁ ጠንከር ሲልልኝ አንድ ቀን ይዤው መጥቼ አየው ይሆናል። መወለዱን ግን እዚሁ ይወለዳል። በዓይኔ ላየው ብዬ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የቆየሁት።

ጽሕፈቱ ከዚህ ወዲያ ቢያዘነብል የሚያነብልዎት ሰው ይቅር ይበለኝ። በዚህ እጅ ከጻፍኩ ብዙ ጊዜዬ ነው።

ክረምቱን በደህና ያውጣዎት፤ አዲሱን ዓመት የጤናና የጥጋብ ያድርግልዎት። ስለ ልጅዎም አያስቡ፤ እዚሁ ከእኔ ጋር ናት። እውነትዎን ነው፣ ወናፍ ናት፤ ትንፋሽዋ ለሁለታችንም ይበቃል።

አፀደ ገብረ መድህን