የበረንዳው ጨዋታዎችና የከፈለ ድርሻ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

እኔ ሸኩር አብደላ፣ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ፣ በሙያዬ እንጨት ጠራቢ፣ በጅማ ከተማ የመንደራ ቆጪ ቀበሌ ነዋሪ፣ ዛሬ ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዙህር ሶላት በኋላ በገዛ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን ኑዛዜ አስጽፌአለሁ። አእምሮዬ ሙሉ ነው። የሚጠራጠር ካለ ዛሬ ጧት በዳማ ሦስት ጊዜ አከታትዬ የረታሁትን ጡረተኛውን መምህር ደምመላሽን ይጠይቅ፤ ከምስክሮቼ አንዱ ነው። የደከመው ልቤ ነው። ሐኪሙ «ደረጃ አይውጡ፣ አይናደዱ» ብሎኛል። ቤቴ ደረጃ የለውም። ንዴቱን እንዴት አድርጌ እንደምተወው ግን አልነገረኝም።

ጸሐፊዋ የጎረቤቴ ልጅ ሩፈይዳ ናት፤ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ትጽፋለች። ከአፌ የወጣውን ሁሉ እንድትጽፍ፣ እንዳታሳምርልኝም አዝዣታለሁ። «አባባ፣ ይኼም ይጻፍ?» እያለች እንዳታቋርጠኝ ለምኛት ነበር፤ እስካሁን ሁለት ጊዜ አቋርጣኛለች።

ቤቱን፣ የእንጨት መሥሪያውንና ደዶ ያለውን ማሳ ሸሪዓው ለልጆቼ ለሰሚርና ለሀጂራ እንደየድርሻቸው ያካፍላቸዋል፤ እኔ አልገባበትም። በእኔ ፈቃድ የሚሰጠው ከሲሶው ስለማያልፍ የምናገረው ስለዚህ በረንዳ ዕቃዎች ነው፤ ዳማው፣ ገበጣው፣ በካርቶን ታሽገው ከአዲስ አበባ የመጡት የሰሌዳና የካርታ ጨዋታዎች። ሰሚር «አባዬ፣ ለመጫወቻም ኑዛዜ ይጻፋል እንዴ?» ብሎ ስቋል። ይሳቅ። እኔ አርባ ዓመት በዚህ በረንዳ ስቀመጥ በመጫወቻ ምክንያት የተኳረፈ ሰው በመሬት ከተካሰሰው ሲበልጥ አይቻለሁ።

አንደኛ፤ የካርቶን ጨዋታዎቹ በሙሉ ለልጅ ልጄ ለዩምና ይሁኑ። ያመጣቻቸውም እሷው ናት፤ ለየበዓሉ አንድ አንድ ካርቶን ይዛ ትመጣለች። አንዱ ስለ ባቡር ሐዲድ፣ አንዱ ስለ እርሻ፣ አንዱ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልገባኝ። ባጠቃላይ አሥራ አራት ናቸው። አሥሩ ላስቲካቸው እንኳ አልተገፈፈም! ዩምናዬ፣ መግዛትና መጫወት የተለያየ ነገር ነው። ከአሥሩ ሦስቱን ከፍተሽ ሰው እስኪለምዳቸው ሳትጫወቺ ሌላ ካርቶን ይዘሽ እዚህ ደጅ እንዳትመጪ።

ደግሞ ያን የዒዱን ነገር አልረሳሁትም። ከደዶ የመጡትን እንግዶች ሰብስበሽ የደንቡን መጽሐፍ አንድ ሰዓት ሙሉ አነበብሽላቸው። አክስትሽ ሀጂራ ተኛች። እንግዶቹ «መኪና ያመልጠናል» ብለው ተነሡ፤ መኪናው ግን ገና አልሞላም ነበር፣ ወላሂ። ደንብ የሚነበበው ሰው ከመጠራቱ በፊት ነው፣ ለብቻ። ሰው ሲቀመጥ አንድ ሁለት ዙር አሳይና ልቀቂው፤ ሌላውን እየተሳሳተ ይማረዋል። ለእንግዳም አጭሩን ጨዋታ አውጪለት። ሌላው፣ ጎረቤታችን ፈሂማ ሳምቡሳ ስታመጣ ካርታው ይነሣ። የፈሂማን ሳምቡሳ የሚጠላ የለም፤ ግን ግማሹ ካርታ በዘይቱ ከጀርባው እየታወቀ ነው፣ እሷም ይህን እየሰማች ነው።

ሁለተኛ፤ ዳማውን ለደምመላሽ ልሰጥ አስቤ ነበር። ሩፈይዳ «ምስክር ከሆኑ ምንም እንዳይሰጧቸው፣ ኋላ ያጨቃጭቃል» ስላለች ቀርቷል። ደምመላሽ አኩርፏል፤ ይበርድለታል። ስለዚህ ዳማው በካርቶን ላይ በቆርኪ ለሚጫወቱት ለባጃጅ ተራ ልጆች ይሰጥ። ነገር ግን በገንዘብ የተጫወቱበት ዕለት ይነጠቁ፤ ሻይ ማስገዛት ይበቃል። ከዳር ቆሞ «እሱን ብላ! ኧረ እሱን ብላ!» የሚለው አፉን ይያዝ፤ መጫወት ካማረው ወረፋ ይጠብቅ። የነካ ያንቀሳቅስ። ማሰብ ጥሩ ነው፣ ልክ ግን አለው። እንጨት ሥራ ያስተማርኩት ጣሪቅ አንዲት ጠጠር እስኪያንቀሳቅስ አዛን ይባላል፣ ተሰግዶ ይመለሳል፣ እሱ ገና አገጩን ይዟል። አሁንም ከምስክሮቹ መካከል አገጩን ይዞ ተቀምጧል።

ለጀማሪ ስለማሸነፍም አንድ ቃል አለኝ። ሰሚር ሰባት ዓመት ሲሞላው ዳማ አስተማርኩት፤ በአንድ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ረታሁት። እንዲጠነክርልኝ ነበር። በአሥራ አንደኛው አለቀሰ፤ እኔም «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ይኸው ስንት ዘመን፣ በዚህ በረንዳ ቆሞ ያልፋል እንጂ አይቀመጥም። ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። አንዱን ብሸነፍልህ ምን እሆን ነበር? ልጅ ያለው ሁሉ ይህን ይስማ።

ሦስተኛ፤ ትልቁ የዋንዛ ገበጣ። እዚህ ላይ ሁላችሁም ዝም በሉልኝ።

ከምስክሮቹ አራተኛው ከፈለ፣ በር አጠገብ የተቀመጠው፣ ሻይ ሲቀርብለት «ጠጥቻለሁ» ያለው፣ ልብስ ሰፊ ነው፤ የእሱ ሱቅና የእኔ መሥሪያ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ሠላሳ ዓመት አብረን ተጫወትን። ዘጠኝ ዓመት ደግሞ አልተነጋገርንም። ምክንያቱን መንደሩ የሚያውቀው በእኔ አፍ ስለሆነ የሚያውቀው ውሸት ነው።

ያንን ገበጣ የጠረብኩት እኔ ነኝ። በየወገኑ ስድስት ጉድጓድ አለው። በአንደኛው ወገን፣ ከግራ ሦስተኛውን ስጠርብ መሮው አዳለጠኝና ከሌሎቹ ጠለቀ። በዚህ በረንዳ ደንብ የባላጋራን ጠጠር እየነኩ መቁጠር ነውር ነው፤ የሚገመተው በዓይን ነው። በጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ ያለ አሥር ጠጠር ከማዶ ለሚያየው ሰባት ይመስላል። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ዐወቅሁ። ሌላ ገበጣ መጥረብ አያቅተኝም ነበር፤ ግን ሸኩር መሮ አዳለጠው ከሚባል ሞት ይሻለኛል አልኩ። ያንን ወገን «የባለቤቱ መቀመጫ» ብዬ ሰየምኩና ዓመታት ሙሉ ተቀመጥኩበት፤ አሸነፍኩም።

አንድ ቀን ከፈለ በረንዳው ሰው ሞልቶት ሳለ «ሸኩር፣ ይኼ ጉድጓድ ይዋሻል። እስቲ ተነሥና ቦታ እንቀያየር» አለኝ። እኔስ? «እጄን የሚሰድብ በረንዳዬን አይረግጥም» ብዬ ጠጠሩን ገለበጥኩት። ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አስተካክሎ ወጣ። በኩርፊያችን መሃል ባለቤቴ ፈድሊያ ስትሞት ድንኳኑን የተከለው እሱ ነው፤ ሦስት ቀን ሲያገለግል ዋለ። «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብቻ አለኝ። ያኔ ልነግረው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እልኼ መለሰው።

አሁን በሁላችሁ ፊት እናገራለሁ። ከፈለ ልክ ነበር። ጉድጓዱ ጥልቅ ነው፣ ዐውቅ ነበር፣ ያታለልኩት እኔ ነኝ። በጨዋታ ውስጥ ከስሕተት ሁሉ የከፋው ይኼ ነው፤ ለአንድ ድል ብሎ ባላጋራን ማጣት። ስለዚህ ገበጣው ከሞትኩ በኋላ ለከፈለ ይሰጥ።

ሩፈይዳ እዚህ ላይ ብዕሯን አነሣች። «አባባ፣ አይሆንም። ጋሽ ከፈለም እኮ ምስክር ናቸው!»

እኔ ነኝ ጥፋተኛው፤ የዳማውን ነገር ስታስረዳኝ ይኼን ማሰብ ነበረብኝ። የጠራሁት ግን አውቄ ነው። ለጨዋታ ብጠራው አይመጣም፤ ለምስክርነት ደግሞ ጠላቱም ቢጠራው የማይቀር ሰው ነው።

ከፈለ ተነሣ። «ስሜን ሰርዢው» አላት። ደጃፉ ላይ ደረሰ። ልቤ፣ ያቺ ደካማዋ፣ ቆመች ብዬ ነበር። «ማሎ፣ እባክህ ከፈለ» አልኩት፣ «አውፍ በለኝ። ዕቃው ይቅር፣ አንተ ብቻ አትሂድብኝ።»

ዞር ብሎ አየኝ። «ማን ሄደ? ጫማዬን ላወልቅ ነው። ምስክርነቱን ሌላ ሰው ይውሰደው ነው ያልኩት። ዘጠኝ ዓመት ስትጠርብ በግድግዳው እየሰማሁ ይቺን አንዲት ቃል ስጠብቅ ኖሬያለሁ። እና አሁን እስክትሞት ልጠብቅ? አንተ ከሞትክ ያን ገበጣ ከማን ጋር ልጫወትበት ነው፣ ሸኩር? የምትሰጠኝ ከሆነ ዛሬ ስጠኝ።»

አለቀስኩ። ወንድ ልጅ ያለቅሳል፤ ሰሚር «ይህን ጽፈሽ ስጪኝ» ካላት ሩፈይዳ ለብቻው ትጻፍለት። ከፈለም ሻዩን አስመጥቶ ጠጣ።

በዚህም መሠረት ሦስተኛው ቃል ተሽሯል፤ ገበጣው በሕይወት ሳለሁ በዛሬው ቀን ለከፈለ ተሰጥቷል። በከፈለ ምትክ፣ ያዘዘውን በርጩማ ሊወስድ ከሰኮሩ መጥቶ የነበረው ነጋዴ ኡመይር አራተኛ ምስክር እንዲሆን ለምነነው እሺ ብሏል።

ይህ ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእኔና በአራቱ ምስክሮች ፊት ጮክ ተብሎ ተነብቧል። ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ፣ እነሱም ሰምተው፣ በአንድነት ተቀምጠን ፈርመናል።

ተናዛዥ፦ ሸኩር አብደላ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
ደምመላሽ፣ ጡረተኛ መምህር (ፊርማ)
ፈሂማ፣ ጎረቤት (ፊርማ)
ጣሪቅ፣ እንጨት ሠሪ (ፊርማ፤ ብዙ ካሰበ በኋላ)
ኡመይር፣ የሰኮሩ ነጋዴ (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ሩፈይዳ (ፊርማ)

ገበጣውን የተረከበው፦ ከፈለ፣ ልብስ ሰፊ። «ተረክቤአለሁ። ነገ እሑድ ሱቅ ስለማልከፍት አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ።» (ፊርማ)