በሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች መካከል ስለቆመው ቴሌቪዥን

ለተከበሩ የጡረተኞች መዝናኛ ክበብ ሥራ አስኪያጅ
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ለጆሮዎ፣ ምክንያቱም ሦስት ጊዜ በቃል ያመለከትኩት ጉዳይ እስካሁን እንዳልደረሰዎት ከሁኔታው ተረድቻለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላልና አልፈርድብዎትም። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ዓይንዎ ደህና መሆኑን ስለማውቅ ነው።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በድምፅ ቀረጻ ሙያ ያገለገልኩ፣ በማዳመጫ ክፍላችን ያሉትን ሁለት ድምፅ ማጉያዎችም በገመድ ለክቼ ያስቀመጥኩ አባል ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወንበሬን ከፊታቸው መሐል ለመሐል አድርጌ አንድ ካሴት አዳምጣለሁ። ሟች ባለቤቴ ከፋብሪካ ጓደኞቿ ጋር ስትዘፍን ራሴ የቀረጽኩት ነው፤ ጓደኞቿ ግራና ቀኝ፣ እሷ መሐል ቆማ። ዓይኔን ስጨፍን ድምፅዋ ከሁለቱ ሳጥኖች መካከል፣ ምንም ከሌለበት ባዶ ቦታ ይወጣ ነበር። ባለፈው ወር ያንን ባዶ ቦታ በግዙፍ ቴሌቪዥን ስለሞሉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅሬታዬም የሚከተለው ነው።

፩. ቴሌቪዥኑ ከነሰፊ መደርደሪያው ከድምፅ ማጉያዎቹ አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ወጥቶ ቆሟል። ጠንካራ ጎንና ሰፊ መስታወት ድምፅን ይመልሳሉ፤ የተመለሰው ደግሞ ከዋናው ጥቂት ዘግይቶ ጆሮ ስለሚደርስ መሐል ያለውን ያደበዝዘዋል። አሁን ባለቤቴ መሐል አትቆምም። አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ሆና፣ ባዶ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ እንደተዘጋባት ሰው ትዘፍናለች።

፪. ይህን ባስረዳዎት ጊዜ ቴሌቪዥኑ ከመጣ ጀምሮ ተከፍቶ እንደማያውቅ አስታውሰው፣ የተዘጋ ዕቃ ድምፅ ሊያበላሽ እንደማይችል ወስነው፣ ለበለጠ ጥንቃቄም ሶኬቱን አስነቀሉልኝ። በዚህ ስሌት ከሄድን መንገድ ዘግቶ የቆመ መኪና ሞተሩ ከጠፋ መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው። ቢሆንም ለችሮታዎ አመሰግናለሁ።

፫. የጽዳት ሠራተኛዋ እህታችን አዝናልኝ በላዩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ጣል አደረገችበት፤ ያን ሐሙስ ባለቤቴ ወደ ቦታዋ ልትመለስ ምንም ያህል አልቀራትም ነበር። በማግስቱ ብርድ ልብሱ የክበቡን ገጽታ ያበላሻል ተብሎ ተነሣ፤ እህታችንም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት።

፬. ሁለት ክንድ ብቻ ወደ ኋላ ይገፋልኝ ብዬ ስለምን ዕቃው አየር እንደሚያስፈልገው ተነገረኝ። በርቶ የማያውቅ ዕቃ ምን አሙቆት አየር እንደሚያሻው ስጠይቅ የንብረት ክፍል ኃላፊው መሰከሩልዎ፤ የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ። ወደ ጎን ይዛወር ብል አይሆንም፣ ሌላ ክፍል ይግባ ብል አይሆንም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልቤ አላርፍ ብሎኛል። ማንም የማያየው ቴሌቪዥን ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል ይህን ያህል የሚጠበቀው ለምን እንደሆነ ቢያስረዱኝ ውለታዎን አልረሳም።

፭. በመጨረሻ ችግሩ ከጆሮዬ እንደሆነ ገልጸው እንድመረመር መከሩኝ፤ እኔም ታዝዤ ሄድኩ። ሐኪሟ በትዕግሥት ከመረመሩኝ በኋላ ለጊዜው ደህና እንደምሰማ፣ ነገር ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ቀጫጭን ድምፆች ጨርሰው ሊጠፉብኝ እንደሚችሉ ነገሩኝ። የባለቤቴ ድምፅ ቀጭን ነበር። ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። የቀሩኝ ሐሙሶች ሃምሳ ቢሆኑ ነው።

ስለዚህ ያ ቴሌቪዥን ጆሮዬ ሳይደክም ከመሐል እንዲነሣልኝ፣ ካልተቻለም ያልተቻለበት እውነተኛ ምክንያት እንዲገለጽልኝ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ውሳኔዎን በቀሩኝ ሁለት ጆሮዎች በአክብሮት የምጠባበቅ፣
ሶኬት ስለተነቀለለት ዕድሜ ልኩን ባለዕዳዎ የሆነው የድምፅ ባለሙያ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ገና ሳልለጥፈው፣ ባለፈው ሳምንት ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አንገቴን አስግጌ ግድግዳውን ተመለከትኩ። በዓመታዊው ስብሰባ ተጠግኖ አልቋል ብለውን ያጨበጨብንለት ስንጥቅ ከወለል እስከ ቴሌቪዥኑ አናት ድረስ አፉን ከፍቷል፤ እርጥበቱም መዳፌን አራሰው። ላዩ ቴሌቪዥን፣ ውስጡን ለቄስ። ዕቃው አየር የሚፈልገው ተጠግቶ እንዳይበሰብስ መሆኑ አሁን ስለገባኝ፣ እርስዎን በመጠርጠሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የጠረጠርኩት በጣም ጥቂት ነበር። ለሕንፃ ተቆጣጣሪዎች ያስገባሁት ማመልከቻ ትናንት ተቀባይነት አግኝቷል። ግድግዳውን ለማየት ሲመጡ ቴሌቪዥኑን ማንሣታቸው ስለማይቀር፣ እርስዎ ባይደክሙበትም ግድ የለም።